ፍየሉ፣ ውሻዋና የጌታቸው ጆንያ

ተረት ተረት፣ የፍየል በረት።

በአንድ አገር አንዲት ውሻ ነበረች፤ በወለደች ቁጥር ጌታዋ ቡችሎቿን በጆንያ ከትቶ ወንዝ ይጥልባታል። አንድ ቀን የከብት ሐኪም መጥቶ ፍየሉን ሲያኮላሽ አየችና ተስፋ አደረባት።

«ጌታዬ፣ ከመጣ አይቀር እኔንም እንዳልወልድ ያድርገኝ» ብላ ለመነች።

ጌታዋ አማተበ። «ፈጣሪ የሰጠሽን ማህፀን በቢላ? ኃጢአት ነው! ደግሞስ ለውሻ ማን ይከፍላል?»

«ለፍየሉ ከፍለው የለ?»

ፍየሉ ጢሙን ነቀነቀ። «እኔማ እሰባለሁ፣ እትዬ። አንቺ ምንሽ ይበላል?»

ለበዓል ፍየሉ ሰብቶ ታረደ፤ ውሻዋም ወለደች። ጌታዋ በስብ በወዛ እጁ ጆንያውን አነሳና፣ «ምስኪን! መውለድ አይሰለቻት» እያለ ወደ ወንዙ ወረደ።

ተረቴን መልሱ፤ የጻድቁንም እጅ አብሱ።