የጋሽ ሸዋቀና ተረከዝ

በሐኪም መሳቅ ነውር ነው፤ በካንሰር መሳቅ ደግሞ ከነውርም ያለፈ ነው። ስለዚህ ይህን የማወራው አንገቴን ደፍቼ፣ አስቀድሜ ይቅርታ ጠይቄ መሆኑ ይታወቅልኝ።

አንድ ቀን የጤፍ ነጋዴው ጋሽ ሸዋቀና ተረከዛቸው ላይ ጥቁር ነጥብ አዩ። ጭቃ መስሏቸው አጠቡት። አልለቅ ሲል ሚስማር ወግቶኝ ይሆናል ብለው ተዉት። ሦስት ወር ቆይታ ምስር ታህል የነበረችው ነጥብ ባቄላ ስታህል ግን እንቅልፍ አጡ። ጎረቤታቸው እንዲህ ባለች ነጥብ ሲቀልዱ ሲቀልዱ ነው የተቀበሩት።

ሆስፒታል ሄደው የቆዳ ሐኪሙ ዶክተር ልሳነወርቅ ዘንድ ቀረቡ። የዶክተር ልሳነወርቅን እውቀት የሚጠራጠር የለም፤ ቢገኝም ራሳቸው ቁጭ አድርገው ያስረዱታል። ተማሪዎቻቸውን አስከትለው መጡና ተረከዙን በአጉሊ መነጽር አዩ።

«ለምርመራ ናሙና እንወስዳለን» አሉ። «ከላይ ከላዩን በምላጭ ስስ አድርጌ ላጥ ነው። ስፌት የለው፣ ምን የለው።»

«ከላይ ብቻ?» አሉ ጋሽ ሸዋቀና። «ወረፋ ላይ ያሉ አንዲት ሴትዮ፣ በክብ መብሻ እስከ ሥሩ የሚወሰድም አለ ብለውኛል።»

«ሴትዮዋ የቆዳ ሕክምና የት ነው የተማሩት?»

«እዚሁ ወረፋ ላይ ነዋ! አምስት ወር ተመላልሰዋል።»

ተማሪዎቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ዶክተሩ ግን ቱግ አሉ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቆዳ ሳይ ኖሬአለሁ! የኔ ዓይን ላዩን አይቶ ውስጡን ያውቃል። እስቲ ዓይኔ የተሳሳተበትን አንድ ቀን ንገሩኝ!»

ጋሽ ሸዋቀና ቀኑን ያውቁታል፤ የከበዳቸው መናገሩ ነው። ተረከዛቸውን አዩ።

«ዶክተር፣ ለጥምቀት አንድ ኩንታል ማኛ ጤፍ ገዝተው ነበር።»

«አዎ፣ ምነው?»

«ሻጩ ለይሉኝታ ያህል ‹ከሥር ወግተው ይዩት› ብሎ የጆንያ መውጊያውን ብረት ቢሰጥዎ፣ ‹ላዩን አይቻለሁ፣ ይበቃኛል› ብለው አስጫኑት።»

ዶክተሩ ፊታቸው በርበሬ መሰለ። «ያ ሌባ! ከላይ አንድ ቁና ነጭ፣ ከዚያ በታች ጥቁር ጤፍ! ባለቤቴ እስከ ዛሬ በየማዕዱ ታነሳብኛለች! ቆይ ግን... አንተ ይህን በምን አወቅህ?»

«ለአቧራው ብዬ ፊቴን ተሸፋፍኜ ነበር እንጂ፣ ያን ጆንያ የሞላሁት እኔ ነኝ። ይቺን ደግሞ ማን እንደሞላት አላውቅም፤ እባክዎ ዶክተር፣ እስከ ታች ይውጉልኝ!»

ዶክተር ልሳነወርቅ ምላጩን አስቀመጡ። ከመብሻዎቹም ሁሉ ትልቁን መረጡ። ማደንዘዣ ግን ሰጥተዋል ይባላል።

ውጤቱ ሲመጣ ካንሰር ነበር፤ ደግነቱ ገና ወደ ሥር አልወረደም። ከነዙሪያው ተቆርጦ ወጣ፤ ጋሽ ሸዋቀናም ዛሬ በሁለት እግራቸው ቆመው ጤፍ ይሸጣሉ።

በሉ እንግዲህ አደራ፣ ይህን ለማንም እንዳትናገሩ፤ ለጤፍ ገዢ ደግሞ ጭራሽ። ደንበኛው ሁሉ መውጊያ ይዞ የመጣ ቀን፣ ካንሰር ያልገደላቸውን ሰው እኛ ገደልናቸው ማለት ነው።