እምቢ ያለው እምቢልታ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት አትበሉኝ፤ በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችም። ያለችው ማይክራፎን የጨበጠች ልጅ ናት። ትንግርት ትባላለች፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ጋዜጠኝነት የማስተምራት እኔ ነኝ። ደሴ፣ ሆጤ ሜዳ ላይ የሙዚቃ በዓል ነበር። ትንግርት የፈለገችው አንዲት ነገር ብቻ ናት፦ ከላስታ የመጡት ሦስት ሽማግሌዎች እምቢልታቸውን እንዲነፉላት። በዘጠኝ ሰዓት የተማሪዎቹ ሬዲዮ ከሜዳው በቀጥታ ሊያስተላልፍ ነው። የመጀመሪያቸው ነው፤ ካልሆነላቸው ሁለተኛ አይፈቀድላቸውም።

ትንግርት መጀመሪያ የሄደችው ትልቁን እምቢልታ ወደያዙት ወደ ጋሽ ደምለው ነው።

«አባባ፣ ለሬዲዮ ቃልዎን ይስጡን።»

«ቃሌን? ምን አጥፍቼ?»

«የፖሊስ አይደለም አባባ። ይንፉልን ማለቴ ነው።»

«እንደሱ በይኛ። ግን የኔ እምቢልታ ያለው አንድ ድምፅ ነው። ብቻውን ብነፋው በሬ ጉንፋን ያዘው ይሉኛል። መካከለኛው ካልመለሰ እኔ አልነፋም።»

ስሙ ራሱ «እምቢ» ብሎ የሚጀምር ዕቃ፣ ምን ይደረጋል? መካከለኛው ካልመለሰ ትልቁ አይነፋም፤ ትልቁ ካልተነፋ ትንግርት ፕሮግራም የላትም።

መካከለኛውን የያዙት ጋሽ ሽበሺ ሽንብራ ቆሎ ይቆረጥማሉ። «እኔ መልስ ነኝ፤ ሳይጠሩት የሚመልስ ደግሞ ጅል ነው። ሂጂ ልጁን ጠይቂው» አሏት።

ልጁ የሚሏቸው ጋሽ ጓንጉል ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከሦስቱ ትንሹን እምቢልታ ስለያዙና በዕድሜም ስለሚያንሱ ሁለቱ እስከ ዛሬ ልጁ ይሏቸዋል። ትንሹ ካልጠራ መካከለኛው አይመልስም፤ መካከለኛው ካልመለሰ ትልቁ አይነፋም፤ ትልቁ ካልተነፋ ትንግርት ፕሮግራም የላትም።

«ያለ ከበሮ?» አሉ ልጁ። «እኛ እየዞርን ነው የምንነፋው። ከበሮው ካልነገረኝ እግሬን የት አሳርፈዋለሁ? እነዚህ ሽማግሌዎችስ ቢጋጩ?»

ከበሮው ካልተመታ ትንሹ አይጠራም፤ ትንሹ ካልጠራ መካከለኛው አይመልስም፤ መካከለኛው ካልመለሰ ትልቁ አይነፋም፤ ትልቁ ካልተነፋ ትንግርት ፕሮግራም የላትም።

ከበሮ መቺዋ ዘርፌ የጋሽ ጓንጉል ልጅ ናት። ከበሮውን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ስሚው እስቲ። ይሄ ከበሮ ነው ሊጥ? ጠዋት መኪና ላይ ዝናብ መታው። ቆዳው እሳት ካልሞቀ አይናገርም።»

ጆሮው ላይ ማዳመጫ ያደረገው በሪሶ፣ የትንግርት ጓደኛ፣ «ቲቸር፣ ስምንት ተኩል ሆኗል» አለኝ። እኔ ጃንጥላዬን ይዤ ዝም ብዬ እከተላቸዋለሁ፤ ተማሪ መንገዱን ራሱ ይፈልግ ብዬ።

በዚያ ሁሉ ጭቃና ጉም ውስጥ እሳት የነበረው አንድ ቦታ ነው፤ እትዬ አሰገደች የበቆሎ እሸት የሚጠብሱበት የከሰል ምድጃ።

«እትዬ፣ ከበሮ እናሙቅበት? ለሬዲዮ ነው።»

«ለሬዲዮ እሳት የለኝም።»

«ለከበሮው እኮ ነው።»

«ከበሮውስ ለማን ሊመታ ነው?» እሸቱን ገለበጡት። «ሃያ ዓመት ይሆነዋል። እናቴ ኩታበር ወፍጮ ላይ ራሷ የገጠመችውን እንጉርጉሮ አንዲት የሬዲዮ ልጅ መጥታ ቀዳች። በስምሽ ይተላለፋል አለቻት። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤት ሰብስባ ሬዲዮ ሥር ተቀመጠች። በስድስተኛው ቅዳሜ መጣ። የሬዲዮው ሰውዬ ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹ባለቤቱ ያልታወቀ የሕዝብ ዜማ።› ጎረቤቶቿ ሳቁባት። ‹ለካ የሕዝብ ነው፤ የራሴ ነው ስትዪን ኖርሽ› አሏት። ከዚያ ወዲያ ስትፈጭ አንጎራጉራ አታውቅም። ያቺ ልጅ ይቅርታ ካልጠየቀች እሳቴ ንቅንቅ አይልም።»

ልጅቷ ይቅርታ ካልጠየቀች እሳቱ አይሰጥም፤ እሳቱ ካልተሰጠ ከበሮው አይመታም፤ ከበሮው ካልተመታ ትንሹ አይጠራም፤ ትንሹ ካልጠራ መካከለኛው አይመልስም፤ መካከለኛው ካልመለሰ ትልቁ አይነፋም፤ ትልቁ ካልተነፋ ትንግርት ፕሮግራም የላትም።

«ያቺን ልጅ አሁን ከየት እናመጣታለን?» አለ በሪሶ። «ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ነው።»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ያኔ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። ካሴቱን ለጣቢያው ሳስረክብ ቅጹ የስም ቦታ ነበረው። የእናታቸው ስም የተጻፈበት ደብተሬ ሌላ ክፍል ነበር፤ ከአሥራ አምስት እርምጃ አይበልጥም። ሄጄ ማየት ሰነፍኩና «የሕዝብ» ብዬ ጻፍኩበት። አንባቢው የጻፍኩትን አነበበ።

እትዬ አሰገደች ቀና ብለው አዩኝ። «ያኔ ፀጉርሽ ረጅም ነበር።»

«ነበር። እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እኔን አይደለም። እሷን በሬዲዮ ነው ያጠፋሻት፤ በሬዲዮ መልሻት።»

«እናትዎ ይሰሙኛል?»

«እሷማ አርፋለች። ጎረቤቶቿ ግን አሉ፤ ሬዲዮም አላቸው።»

ትንግርት ማይክራፎኑን ሰጠችኝ። በሪሶ ጣቱን አነሣ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። የተማሪዎቹ የመጀመሪያ የቀጥታ ስርጭት በኔ ድምፅ ተከፈተ።

«ከሃያ ዓመት በፊት የሕዝብ ዜማ ተብሎ የተላለፈው የወፍጮ እንጉርጉሮ ባለቤት አለው። የገጠመችው የኩታበሯ ደብሪቱ ወንዴ ናት። ስሟን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ኩታበሮች፣ ራሷ የገጠመችው ነበር። ይቅርታ።»

እትዬ አሰገደች እሸታቸውን ከፍም ላይ አነሡና ምድጃውን በእግራቸው ወደ ዘርፌ ገፉት። ቆዳው እስኪሞቅ ትንግርት ማይክራፎኑን ተቀብላኝ እየዞረች ስም ጠየቀች፤ የእያንዳንዱን ተጫዋች፣ እስከ አባት።

ከዚያ ዘርፌ መታችው። ከበሮው ተናገረ። ይቅርታው ስለተጠየቀ እሳቱ ተሰጠ፤ እሳቱ ስለተሰጠ ከበሮው ተመታ፤ ከበሮው ስለተመታ ትንሹ ጠራ፤ ትንሹ ስለጠራ መካከለኛው መለሰ፤ መካከለኛው ስለመለሰ ትልቁ ተነፋ፤ ትልቁ ስለተነፋ ምን እንደሆነ እንዴት ልንገራችሁ?

ሦስቱም ያላቸው አንዳንድ ድምፅ ብቻ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች በላስቲክ ጫማ ጭቃው ላይ ይዞራሉ፤ አንዱ ይጥላል፣ አንዱ ያነሣል፣ አንዱ ያሻግራል። ዜማውን ግን ከሦስቱ አንዱም ጋ አጣሁት። በመካከላቸው፣ ማንም በሌለበት ባዶ ቦታ ላይ ብቻውን ይሄዳል። ከጆሮዬ በፊት ደረቴ ሰማው። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ሜዳው ላይ ቆሟል፤ ሕዝቡ ጃንጥላውን አጥፎ ዝናቡ ውስጥ ቆሟል። በሪሶ ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ በባዶ ጆሮው ይሰማል። እትዬ አሰገደች እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነዋል።

ዜማው ቆመ። አሁን መናገር ያለባት ትንግርት ናት። ማይክራፎኑን ወደ አፏ አመጣች፤ ቃል ግን አልመጣላትም። በሬዲዮ አምስት ሰከንድ ዝም ማለት ጥፋት ነው ብዬ አስተምሬያቸዋለሁ። አሥር አለፈ፤ አሥራ አምስት። በሪሶ ዞሮ አየኝ።

«ተዋት» አልኩት።

ተረቴን መልሱ፤ የደብሪቱን ስም ግን አትርሱ።