ገንፎው ያልቀደደው አንጀት

አንድ ቀዶ ሐኪም ነበረ።

መምህሩ እንዲህ ብለው የጀመሩት፣ አንድ ወጣት መጥቶ «የኔታ፣ ሰው ሳይዋሽ፣ ዝም በማለቱ ብቻ ይበድላል?» ብሎ ስለ ጠየቃቸው ነው። ወጣቱ ይህን ሲጠይቅ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር። መምህሩም ለምን እንደ ጠየቀ አልመረመሩትም። ነገሩን ቀጠሉ።

ይህ ሐኪም በአንዲት የወረዳ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ይሠራ ነበር። እጁ የተባረከ ነው ይባልለታል። ከቆላውም ከደጋውም ሕመምተኛ በቃሬዛ ተሸክመው የሚመጡት እሱን ብለው ነው። እሱም ሰው ነውና ሲያመሰግኑት ደስ ይለዋል። ምስጋና እንደ ጠጅ ነው፤ ሲጠጡት ይጣፍጣል፤ ራስ ላይ የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው።

አንድ ቀን አንዲት የሁለት ልጆች እናት ወደ እሱ መጣች። በማህፀኗ አጠገብ ዕጢ አብጦ ያሠቃያት ነበር። ሁለተኛ ልጇን በኦፕራሲዮን ስለ ወለደች፣ ሐኪሙ ሆዷን ሲከፍት አንጀቷ ከድሮው ጠባሳ ጋር ተጣብቆ አገኘው። እንዲህ ያለውን አንጀት ማላቀቅ፣ ከእንቁላል ቅርፊት ሥር ያለውን ስስ ሽፋን ሳይቀዱ እንደ መላጥ ነው። ሐኪሙ በትዕግሥት አላቀቀው፤ ዕጢውንም አወጣው። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሆዱ ከመሰፋቱ በፊት የተላቀቀውን አንጀት ከዳር እስከ ዳር በጣት እየዳሰሱ መመርመር ያስፈልጋል። ያን ቀን ግን በር ላይ ሌላ ሕመምተኛ ይጠብቅ ነበር። ሐኪሙም እጁን አመነ። ከላይ ከላይ ቃኘት አደረገና ሰፋው።

የሕመምተኛዋ አስታማሚ አማቷ ወይዘሮ አሰገደች ነበሩ። ምራታቸውን ከወለዷቸው ልጆች አይለዩአትም። ነርሷ «አንጀቷ ሠርቶ ከታች አየር ሳይወጣት ምንም እንዳትቀምስ» ብላ አስጠንቅቃቸዋለች። እሳቸውም እሺ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገሩ ግን አልተዋጠላቸውም። በእሳቸው አገር ሆዷ ባዶ የሆነ ሴት ብርድ እንዳይገባት ገንፎ ትበላለች። አራስ ስትሆን እንዲህ ከተደረገላት፣ ሆዷ ተከፍቶ ለተዘጋችውማ ይልቁን እንዴት አይደረግላት? በቱቦ በሚወርድ ውሃ ብቻ ማክረም ጭካኔ መሰላቸው። በማግስቱ ምራታቸው «እማዬ፣ ራበኝ» ስትላቸው አንጀታቸው አልቻለም። ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ በነጠላቸው ሸፍነው አስገቡ። ጥቂት አጎረሷትና ሳህኑን ከአልጋው ሥር ደበቁት።

ከዚያ ሕመሙ መጣ። ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ ትኩሳቷ ነደደ። ሐኪሙ ሲጠራ መጀመሪያ «ከኦፕራሲዮን በኋላ ሆድ መነፋት ያለ ነው» ብሎ ማስታገሻ አዝዞ ሄደ። እያደር ግን ባሰባት። እንደገና ሆዷን ሲከፍተው መግል ሞልቶታል። አጥቦ ሲፈልግ በአንጀቷ ላይ ቀዳዳ አገኘ። ቀዳዳው ዳሩ የጠራ ነው፤ ያለውም እሱ ራሱ ከጠባሳው ባላቀቀበት ቦታ ላይ ነው። ሐኪሙ መቀሱ እንደ ነካው አወቀ። ሸማኔ የገዛ ሸማውን በገበያ መካከል እንደሚለይ፣ እሱም የገዛ እጁን ሥራ ለየው።

ሕይወቷን ለማትረፍ የአንጀቷን ጫፍ በሆዷ ጎን በኩል አውጥቶ ከረጢት አደረገበት። ቁስሉ እስኪድን ድረስ በዚያ ልትጸዳዳ ነው። ነፍሷ ተረፈች። አባቷ ከገጠር መጥተው በዚያ ሁኔታ ባዩአት ጊዜ ግን ምድር ዞረባቸው። በእግሯ የገባች ልጃቸው ከረጢት ታቅፋ ተኝታለች። ሐኪሙንም ሆስፒታሉንም እንደሚከሱ፣ እስከ ላይ ድረስ አቤት እንደሚሉ በአደባባይ ተናገሩ።

በዚህ መካከል ከአልጋው ሥር ሲጠረግ የገንፎው ሳህን ተገኘ። ወሬው ከአልጋ ወደ አልጋ ሮጠ። ወይዘሮ አሰገደችም ሲጠየቁ አልካዱም። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ፊቱን ከሐኪሙ አንሥቶ ወደ እሳቸው አዞረ። ሕመምተኛዋ «እኔ ነኝ ራበኝ ያልኳት» ብትልም የሰማት አልነበረም።

ማደንዘዣ የሚሰጠው ባልደረባው ሐኪሙን በኮሪደር አግኝቶ ሳቀ። «አንተ ሰፋህ፣ አሮጊቷ በገንፎ ተረተረች። እግዜር ይወድሃል» አለው።

የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅም አስጠርቶ መከረው። ማንም ዋሽ እንደማይለው፣ ዝም ማለት ብቻ እንደሚበቃ ነገረው። አየር ሳይወጣት መብላቷ እንደሚጎዳት እውነት አይደለም እንዴ? እውነት ነበር። ሐኪሙም ያን ቁራጭ እውነት እንደ ጋቢ ተከናንቦ ዝም አለ።

ክፉ ሰው አልነበረም። ጧት ጧት ሕመምተኞቹን ሲጎበኝ ወይዘሮ አሰገደችን ከአልጋው ግርጌ ያገኛቸዋል። ሌላው አስታማሚ ሁሉ ስለሚሸሻቸው ብቻቸውን ነው የሚቀመጡት። እሱን ሲያዩ ተነሥተው እጁን ሊስሙ ያጎነብሳሉ፤ «አትርፈህልኛል፣ እኔ ልገድላት ነበር» ይሉታል። እሱ እጁን ይነጥቃል፤ ቁስሉን አይቶ ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋል። በልቡ ግን ራሱን ያጽናናል። ክስ ቢመጣ ሥራው ይበላሻል፤ ሥራው ቢበላሽ በቃሬዛ የሚመጡትን ማን ያክማቸዋል? አሮጊቷን ማን ይከሳቸዋል? ጥቂት ይወቀሳሉ፣ ከዚያ ይረሳል ይላል።

አልተረሳም። አባትየው ክሱን ቢተዉም ቁጣቸውን አልተዉም። ወይዘሮ አሰገደች ከሚኖሩበት ከልጃቸው ቤት እንዲወጡና የልጅ ልጆቻቸውን ደጅ እንዳይረግጡ አባትየው ጠየቁ። ይህ ካልሆነ ልጃቸውን ከባሏ አፋትተው ሊወስዱ ማሉ። ባልየውም በእናቱና በሚስቱ መካከል ቆሞ ቀረ። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ተለመኑ። ሕመምተኛዋ ገና አልጋ ላይ ስለ ነበረች፣ ነገሩ በሆስፒታሉ ግቢ ካለው ግራር ሥር እንዲታይ ተቀጠረ። ሐኪሙም ቃሉን እንዲሰጥ ተጠራ።

ሐኪሙ ከሥራው ተነሥቶ፣ ነጭ ጋውኑን እንደ ለበሰ መጣ። ሁሉም ተነሡለት። አባትየው ትከሻውን ስመው «ልጄን ከሞት አፍ ነጥቀው ሰጡኝ፣ ዶክተር» አሉት። ለምስጋና ያመጡለት ሙክት ከአጥሩ ሥር ታስሯል። የክብር ወንበር ተሰጥቶት ተቀመጠ።

ከዚያ ወይዘሮ አሰገደች መጡ። በዚያ አገር በደለኛ ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ ይሸከማል። እሳቸውም ድንጋይ በማጅራታቸው ላይ ተሸክመው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጎንበስ ብለው መጡ። ድንጋዩ ያንገዳግዳቸዋል። ልጃቸው ሊደግፋቸው ሲነሣ አንዱ ሽማግሌ ልብሱን ይዞ አስቀመጠው። አባትየው ፊት ደርሰው ቆሙ።

«የልጄ ሆድ ጎተራ መሰለሽ?» አሉ አባትየው። «ማጨቅ ብቻ!»

ከኋላ የቆሙት ሳቁ። ወይዘሮ አሰገደች ቀና አላሉም።

«አጥፍቻለሁ» አሉ። «ባዶ ሆድ ብርድ ይገባዋል ብዬ ነው። ብትፈርዱብኝ አይከፋኝም። ሕፃናቱን ግን ከሩቅም ቢሆን ልያቸው።»

የሽማግሌዎቹ አለቃ ወደ ሐኪሙ ዞሩ። «እንግዲህ ዶክተር፣ የጎዳት ገንፎው ነው አይደል? ቃልዎን ይስጡንና ነገሩን እንቁረጠው» አሉ።

ከሐኪሙ የሚፈለገው አንድ «አዎ» ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን ሙሉ ውሸት አይሆንም። አፉን ከፈተ። በዚያ ቅጽበት ግን የወይዘሮ አሰገደችን አንገት አየ። ሥሩ ተገትሯል፤ ከድንጋዩ ክብደት የተነሣ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ በዘመኑ ብዙ ሥቃይ አይቷል። እሱ ያመጣውን መከራ ሌላ ሰው በአንገቱ ተሸክሞ፣ ስለዚያም እየለመነ ሲቆም ግን ያን ቀን ገና ማየቱ ነበር።

ከወንበሩ ተነሣ። ሰዎቹ አሮጊቷን ሊያነሣቸው የሄደ መሰላቸው። እሱ ግን ድንጋዩን ከማጅራታቸው አንሥቶ በገዛ ማጅራቱ ላይ አደረገው። ከዚያም በአባትየው እግር ሥር ተንበረከከ።

«እናቴ፣ ይህ የእርስዎ አይደለም» አለ። «ገንፎ አንጀት አይቀድም። ቀዳዳውን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ የመቀስ ነው፤ መቀሱን የያዝሁት እኔ ነኝ። ከመስፋቴ በፊት መመርመር ሲገባኝ ቸኮልሁ። ሆዷ ሲነፋም ቶሎ አልሰማኋትም። ገንፎው ጎድቷት ቢሆን እንኳ በሩን የከፈትሁለት እኔ ነኝ።»

አባትየው ድንጋዩን የተሸከመውን ሰው አተኩረው አዩት።

«እስከ ዛሬ የት ነበርህ ታዲያ?» አሉት።

«ከኚህ እናት ጀርባ ተደብቄ» አለ ሐኪሙ።

አባትየው ተነሥተው ወደ አጥሩ ሄዱ፤ ሙክታቸውን ፈትተው ይዘው ወጡ። ወይዘሮ አሰገደች ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ድንጋዩ ከላያቸው ከወረደ በኋላም ለረጅም ጊዜ ጎንበስ እንዳሉ ነበር፤ ልጃቸው መጥቶ ቀስ ብሎ ቀና አደረጋቸው። ምራታቸው ይህን በነገሯት ጊዜ አለቀሰች፤ ከዚያም እማዬን ጥሩልኝ አለች።

ልጄ፣ ተረት ቢሆን ኖሮ ሁሉም ይቅር ተባብለው አብረው በሉ እልህ ነበር። እንዲያ አልሆነም። አባትየው የተዉትን ክስ እንደገና አነሡት። ነገሩን እንዲመረምሩ የተሰየሙት ሐኪሞችም መረመሩት። እንዲህ የተጣበቀ አንጀት በጎበዝ እጅም ሊነካ ስለሚችል መንካቱን ብቻ ጥፋት አላሉትም። ሳይመረምር መስፋቱንና ዘግይቶ መስማቱን ግን ጥፋት ነው ብለው ፈረዱበት። ሆስፒታሉ ለሴትዮዋ ካሳ እንዲከፍል ተደረገ። ሐኪሙም ለተወሰነ ጊዜ ብቻውን ቀዶ ሕክምና እንዳይሠራ ተከለከለ። ያ ሁሉ ሰው የሚጠራው ሐኪም፣ እንደ ተማሪ በሌላ ሐኪም ዓይን ሥር ሆኖ ሠራ። ባልደረባው «ሙክት ከነገመዱ አስመለጥህ» እያለ ይቀልድበታል። እሱ አብሮ ይስቃል እንጂ ሰበብ ሲደረድር የሰማው የለም። አባትየው ልጃቸውን ወደ ሌላ ሆስፒታል ወሰዷት፤ አንጀቷን ወደ ሆዷ የመለሰው ሌላ ሐኪም ነው። የመጀመሪያው ሐኪምም «መብታቸው ነው» አለ። ወይዘሮ አሰገደች በልጃቸው ቤት ቀሩ፤ ሕፃናቱን የሚያጥቡትም የሚያስተኙትም እሳቸው ናቸው።

ሐኪሙ ፈቃዱ በተመለሰለት ጊዜ በር ላይ ማንም ይጠብቅ ማን፣ አንጀቱን ዳስሶ ሳይጨርስ አንድም ሆድ አልሰፋም። ከኦፕራሲዮን በኋላም አስታማሚዎቹን ራሱ ቁጭ ብሎ ያነጋግራቸዋል። ምግብ ለምን እንደሚከለከል በትዕግሥት ያስረዳቸዋል። በመጨረሻም «ሆዱ ከተነፋ ጥሩኝ፤ ያለ ነው ብዬ ልሂድ ብልም አትስሙኝ፣ ጋውኔን ይዛችሁ አስቀሩኝ» ይላቸዋል። ይህን ያህል ዝና የነበረው ሰው፣ በገበሬ እጅ ልብሱ እንዲያዝ ራሱ አዘዘ። እኔ ትልቅ ሰው የምለው ይህን ነው።

መምህሩ ይህን ተናግረው ወደ ወጣቱ ዞሩ።

«ሐኪሙ አልዋሸም ነበር» አሉት። «እንዳንተ አባባል ዝም ብቻ ነው ያለው። ዝምታው ግን ሄዶ በአንዲት አሮጊት ማጅራት ላይ ተጫነ። ጥፋት መሬት ላይ ወድቆ አይቀርም፤ የሠራው ካላነሣው ሌላ ሰው ያነሣዋል፤ ብዙ ጊዜም የሚያነሣው ከሁሉ ደካማው ነው። እኔ ያን ሐኪም የማደንቀው እጁ ስላልሳተ አይደለም፤ ስቷል። የማደንቀው ሁሉም ቁጭ በል እያሉት ስለ ተነሣ ነው። አንተንም ምን እንዳደረግህ አልጠይቅህም። ዝም ስትል የሚጎዳ ከሌለ ዝም በል፤ ነገሩ በአንተና በፈጣሪህ መካከል ነው። ነገር ግን አሁን ይህን ስናወራ፣ ያንተን ድንጋይ ተሸክሞ በሰው ፊት ጎንበስ ያለ ሰው ካለ፣ ከእኔ ዘንድ ምን ትሠራለህ? ተነሥና ሂድ፤ ውሰድለት።»