የአቶ ይመር ግንብና የቅሬው ቴሌግራም

አንድ ተረትና ምሳሌ አለ፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጀግና መምሰል ያማረው ሁሉ ደረቱን ነፍቶ ይጠቅሰዋል። የጥንቱን መነሻ እኔም አላውቅም። እኛ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር የምንኖር የአንድ ሰፈር ሰዎች ግን ያንን ተረት ደረት ነፍተን አንጠቅሰውም፤ ባነሳነው ቁጥር ቆርቆሮ ላይ የሚንጠባጠብ ጠጠር ይሰማናል። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ቅሬያችን የቴሌግራም ግሩፕ የከፈተው ሞት እንዲነገርበት ነበር፤ ሰው ግን በየቀኑ አይሞትም፣ በመሃል ወሬ ገባበት። ክረምት ሊገባ ሲል የቅሬው ሊቀመንበር አቶ ይመር ከቤታቸው ፊት ያለውን ተዳፋት ደልድለው ትልቅ የድንጋይ ግንብ አስገነቡና ፎቶውን ለጠፉ። «ማሻ አላህ!» «እጅዎ ይባረክ!» ጭብጨባውና አበባው ዘነበላቸው።

ከግንቡ ሥር ዘይነባ ትኖር ነበር። ባሏ ሞቶባት ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ የአቶ ይመርን ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታለች፤ እሳቸውም ባሏ ከሞተ ወዲህ ኪራይ ጨምረውባት አያውቁም። ፎቶው ግንቡን ከላይ ነው የሚያሳየው። እሷ ከታች ስታየው ግን ሆዱ ወደ ጣራዋ ተነፍቷል። ዝናብ በጣለ ቁጥርም ጠጠር ቆርቆሮዋ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ዘይነባ ፈራች። ግንቡን ፈራች፣ የግንቡን ባለቤትም ፈራች፤ የትኛውን አብልጣ እንደፈራች እሷም አታውቀውም።

ጽፋ አጠፋች፤ ደግማ ጻፈች። በመጨረሻ ግሩፑ ላይ የላከችው ይህን ነበር፦ «ጋሼ ይመር፣ ግንቡ በጣም ያምራል፣ አላህ የልብዎን ይሙላ። ትንሽ ወደ እኛ ያዘነበለ መሰለኝ፣ ግን ዓይኔ ይሆናል፣ እኔ ምን አውቃለሁ።»

«አሚን፣ ዘይነባ» አሉ አቶ ይመር። አለቀ። በዚያ ሁሉ ማር ውስጥ ኮሶዋን ማን ያግኛት?

በማግስቱ የሚኒባስ ሹፌሩ ሞላ ገባበት። በዚያ ሲያልፍ ግንቡን አይቶታል፤ ያየውም ልክ ነው። አፉ ግን ፍሬን የለውም።

«ይሄ ግንብ ነው? የዘይነባ መቃብር ክዳን ነው እንጂ! አንተ ሰውዬ፣ ገንዘብ እንጂ ጭንቅላት አልተሰጠህም!»

ግሩፑ ተናወጠ። «ታላቅህን እንዲህ ትላለህ?» «አሳዳጊ የበደለው!» «ይቅርታ ይጠይቅ!» ሞላም ይባስ ብሎ ሌላ ስድብ ጨመረና ተባረረ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ይላክ፣ አይላክ፣ ካሣው ምን ይሁን እያልን ስንከራከር ሰነበትን። ስለ ስድቡ ያልተናገረ አልነበረም፤ ስለ ግንቡ ትንፍሽ ያለ ሰው አልነበረም። አቶ ይመርም ቆስለው ጻፉ፦ «ከእንግዲህ ይህን ግንብ የሚያነሳብኝ ሰው ደጄን እንዳይረግጥ።» የዘይነባ ደጅ ደግሞ የእሳቸው ደጅ ነው።

ዝናቡ ቴሌግራም አያነብም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጦሳ ጠቆረና ዶፉ ወረደብን። ዘይነባ የሚያፈስበት ቦታ ላይ ባልዲ ስታስቀምጥ፣ ቡጢ የሚያህል ድንጋይ ቆርቆሮውን በስቶ ታናሺቱ ልጇ ከተቀመጠችበት አጠገብ ወደቀ። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ እናቷን ብቻ አየቻት። ዘይነባ ልጆቿን ይዛ ወጣችና ስልኳን አነሳች።

«ጋሼ ይመር፣ ውለታዎን አልረሳም፣ አከብርዎታለሁ። ግንቡ ግን ሊወድቅ ነው። ድንጋዩ ቤት ገብቷል። እርስዎም ከሥሩ እንዳይቆሙ፣ አደራ። ቤቱን ቢያስለቅቁኝም ያየሁት ይኸው ነው። ልጆቼን ይዤ ወጥቻለሁ።»

ሁላችንም አነበብነው። መልስ የጻፈ ግን አልነበረም። እሷ በዝናቡ ውስጥ የጎረቤት በር አንኳኳች፤ አንዷ በበሩ ስንጥቅ «አቶ ይመር ይቀየሙኛል፣ እህቴ» አለቻት፣ ሌላው ጭራሽ አልከፈተላትም። ሊመሽ ሲል የቅሬውን ዕቃ ቤት ቁልፍ የያዙት ሽማግሌ፣ አባ አራጌ፣ መንገድ ላይ አገኟትና ከፈቱላት። ልጆቹም ለለቅሶ የሚተከለው ድንኳን ላይ ተኙ።

አቶ ይመር በበኩላቸው በንዴት ጃንጥላቸውን ይዘው ወጥተዋል። ግንቡን ከሥሩ ፎቶ አንስተው እሷን ሊያሳፍሯት ነው። «ወጥቻለሁ» ማለቷንም ማስፈራሪያ አድርገው ነው የቆጠሩት። ቁልቁል ወርደው መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ግን ቆም አሉ። ኋላ እንደነገሩን፣ ያቆመቻቸው «እርስዎም ከሥሩ እንዳይቆሙ» ያለችው ቃል ናት፤ የሚጠላ ሰው እንዲህ አይልም ብለው አመነቱ። እንዳመነቱ መሬቱ አጓራ። ግንቡ ተንዶ የዘይነባን ሁለት ክፍል አንድ ላይ ዋጠ።

«ዘይነባ! ልጆቹ!» የሚለው የአቶ ይመር ጩኸት እኛ ቤት ድረስ ተሰማ። አካፋ ይዘን ስንደርስ ጭቃውን በእጃቸው ይቧጥጣሉ፤ ጥፍራቸው ደምቷል። እኛም አብረን ስንቆፍር ያነበብነውን መልእክት የሚያነሳ ደፋር አልነበረም። አባ አራጌ መጥተው ክንዳቸውን ያዟቸው፤ «ተው፣ ይመር፣ እኔ ጋ ናቸው» አሏቸውና ወደ ዕቃ ቤቱ ወሰዷቸው። እኛም ተከተልን።

አቶ ይመር ልጆቹን ድንኳኑ ላይ ተኝተው ሲያዩ በሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«ለምን አስቀድመሽ እንዲህ አልነገርሽኝም?»

«ቤቱን እንዳያስለቅቁኝ ፈርቼ ነው፣ ጋሼ።»

«ዛሬስ አልፈራሽም?»

የዘይነባ ጥርስ ይንገጫገጭ ነበር። የመለሱላቸው አባ አራጌ ናቸው፤ የድንኳኑን ጫፍ በልጆቹ እግር ላይ እየመለሱ፦

«እንዴት አትፈራም፣ ይመር? እየተንቀጠቀጡም ቢሆን፣ እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው።»