ሩቂያ፣ ጦጣዋና የመጨረሻዋ ዘይቱን

ተረቴ መጣች፤ ቦታ ልቀቁላት። የመጣችው ከእርሻ ስለሆነ እግሯ ጭቃ ነው፤ ምንጣፍ ላይ አታስቀምጧት።

ሩቂያ የስምንት ወር እርጉዝ ነበረች። ባሏ ሙዘይን ሚጥሚጣ ያመርታል። ማሳቸው ሃያ አንድ ረድፍ ነው። ሃያ ሁለት የሚሉም አሉ፤ ሃያ ሁለተኛው ግን አረም ነው። በማሳው ዳር አንድ የዘይቱን ዛፍ አለ። ከረድፎቹ መጨረሻ ደግሞ አንድ ጀሪካን ውሃ ከነሳሙናው ይቀመጣል። የሙዘይን እናት እማማ ከድጃ ለለቃሚ ሁሉ አንድ ሕግ አላቸው።

«ሌላ አገር ሰው ሸንቶ ይታጠባል። እዚህ ግን ታጥባችሁ ነው የምትሸኑት!»

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሩቂያን ዘይቱን አማራት። የእርጉዝ አምሮት ካልወጣ በልጁ ገላ ላይ ምልክት ሆኖ ይቀራል ይባላል። የዘይቱኑ ወቅት አልፎ ዛፉ ላይ የቀረችው አንዲት ፍሬ ብቻ ነች። እሷንም ጫፍ ላይ ጦጣ አቅፋ ተቀምጣለች።

«ጦጣ፣ ዘይቱኗን ጣይልኝ። ልጄ ግንባሩ ላይ ዘይቱን ይዞ ሊወለድ ነው!»

«አልጥልም» አለች ጦጣ። «እኔንም አምሮኛል። ያረገዝሽው አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ?»

ጦጣ ዘይቱን አልጥልም አለች፣ ሩቂያም ምራቋን ዋጠች።

ሩቂያ ጆንያ ተጭና በቆመችው አህያቸው ጥላ ሥር ወደተኛው ውሻ ሄደች። «ውሻ፣ ጦጣዋን ጩህባት።»

«አልጮህም» አለ ውሻ። «ትናንት ጅብ አባርሬ ምን ሰጣችሁኝ? የሽሮ ድስት። ያውም ሚጥሚጣ ያለበት!»

ውሻ ጦጣ ላይ አልጮህም አለ፣ ጦጣ ዘይቱን አልጥልም አለች፣ ሩቂያም ምራቋን ዋጠች።

«አህያ፣ ውሻውን ርገጪልኝ።»

«አልረግጥም» አለች አህያ። «ሁለት ጆንያ ጭናችሁብኝ ደግሞ እግር ላንሳ? በአራቱም ቆሜ መከራዬን ልይበት።»

አህያ ውሻን አልረግጥም አለች፣ ውሻ ጦጣ ላይ አልጮህም አለ፣ ጦጣ ዘይቱን አልጥልም አለች፣ ሩቂያም ምራቋን ዋጠች።

ሙዘይን አጎንብሶ ይለቅማል። «አንተ ሙዘይን፣ ወይ ዛፉ ላይ ውጣልኝ፣ ወይ አህያዋን ንዳልኝ።»

«ዛፍስ ይቅርብኝ፤ ባለፈው ስወጣ ሱሪዬ እዚያው ቀርቷል። አህያም አልነዳም። ሦስት ረድፍ ቀርቶኛል፣ የኔ እመቤት። ከሰዓት ሙዝ እገዛልሻለሁ።»

«ልጅህ ሙዝ አላለም!»

«አንቺ ነሽ እንጂ እሱ ምን አለ?»

ባል አህያን አልነዳም አለ፣ አህያ ውሻን አልረግጥም አለች፣ ውሻ ጦጣ ላይ አልጮህም አለ፣ ጦጣ ዘይቱን አልጥልም አለች፣ ሩቂያም ምራቋን ዋጠች።

ሩቂያ በንዴት ወደ ሚጥሚጣዋ ዞረች። «ሚጥሚጣ፣ ይህን ሰውዬ አቃጥይልኝ።»

«አላቃጥልም» አለች ሚጥሚጣ። «ከጠዋት ጀምሮ እጁ ላይ ነኝ። የገበሬ እጅ ደግሞ እንደ ጫማ ሶል ነው፣ ምንም አይሰማውም። ወደ ሌላ ቦታ ቢወስደኝ አሳየው ነበር። ግን ሁልጊዜ ቀድሞ ውሃው ያባርረኛል።»

ሚጥሚጣ ባልን አላቃጥልም አለች፣ ባል አህያን አልነዳም አለ፣ አህያ ውሻን አልረግጥም አለች፣ ውሻ ጦጣ ላይ አልጮህም አለ፣ ጦጣ ዘይቱን አልጥልም አለች፣ ሩቂያም ምራቋን ዋጠች።

ሩቂያ እስከ ጀሪካኑ ተጎተተች። እግሯ አብጧል። «ውሃ፣ ለዛሬ ብቻ ሚጥሚጣዋን ተዋት።»

«አልተውም» አለ ውሃ። «ሥራዬ ማጠብ ነው። እዚህ ጀሪካን ውስጥ እስካለሁ ድረስ አጥባለሁ።»

ውሃ ሚጥሚጣን አልተውም አለ፣ ሚጥሚጣ ባልን አላቃጥልም አለች፣ ባል አህያን አልነዳም አለ፣ አህያ ውሻን አልረግጥም አለች፣ ውሻ ጦጣ ላይ አልጮህም አለ፣ ጦጣ ዘይቱን አልጥልም አለች፣ ሩቂያም የምትውጠው ምራቅ አለቀባት።

ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጀሪካኑን አየችው። እግሯን አየችው።

«ሥራህ ማጠብ ነው አልክ?» አለች። «በል እጠብ!» ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠብታ ያበጠ እግሯ ላይ ደፋችው።

ብዙም ሳይቆይ ሙዘይን እየተጣደፈ መጣ። ከጠዋት ጀምሮ አራት ብርጭቆ ሻይ ጠጥቷል። ጀሪካኑን ነቀነቀው። ባዶ ነው። እናቱ እንዳያዩት ግራ ቀኙን ቃኘ።

«አንድ ቀን ምን ይመጣል?» አለና ከአህያዋ ጀርባ ካለው ቁጥቋጦ ገባ።

የመጣውማ መጣ። ውሃ ሚጥሚጣን ተዋት፣ ሚጥሚጣ ባልን አቃጠለች (ምኑን እንደሆነ አልናገርም፣ እጁን እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ)፣ ባል እየዘለለ ወጥቶ ከአህያ ጋር ተላተመ፣ አህያ ደንብራ ውሻን ረገጠች፣ ውሻ ጦጣ ላይ ጮኸ፣ ጦጣ ደንግጣ ዘይቱን ጣለች፣ ዘይቱኗም ሩቂያ ቀሚስ ላይ ዱብ አለች።

እማማ ከድጃ ጩኸቱን ሰምተው እየሮጡ ደረሱ። «ምን ሆንክ? ማን ነካህ?»

«ራሴ ነኝ የነካሁት፣ እማ!»

«ሳትታጠብ?»

እማማ ከድጃ ተመልሰው አንድ ሳፋ እርጎ ይዘው መጡ። «ተቀመጥበት! የሦስት ቀን እርጎዬን፣ አንተ ጉድ!»

ሩቂያ ዘይቱኗን ገመጠች። በሆዷ ያለው ልጅ አንዴ ተገላበጠና ጸጥ አለ። ሙዘይን ከሳፋው ውስጥ አንገቱን አሰገገ።

«እስቲ ትንሽ አቅምሽኝ።»

«መጀመሪያ እጅህን ታጠብ» አለችው።

ከወር በኋላ ሴት ልጅ ተወለደች። ግንባሯ ላይ አንዳች ምልክት የለም። ምልክቱ የቀረው አባቷ አረማመድ ላይ ነው።

ተረቴ ወደ ማሳዋ ተመለሰች። ሊሸኛት የሚወጣ ካለ፣ ጀሪካኑን ሞልቶ ይውጣ።