በር ያልተገጠመለት የሾርንጋል የእንግዳ ቤት

በፓሽቱኖች ምድር፣ ከደጋማዎቹ ተራሮች ሥር፣ ሾርንጋል የሚባል ሸለቆ አለ። በሸለቆው አናት ላይ ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ የታነጸ፣ ጣሪያው በጥድ ግንድ የተዋቀረ የእንግዳ ቤት ቆሟል። ምድጃ አለው፣ ምንጣፍ አለው፣ ለመንገደኛ የሚዘረጋ አልጋም አለው፤ በር ግን የለውም። በረዶው ጉልበት በሚውጥበት ወራት እንኳ መግቢያው ላይ ከበግ ጠጉር የተሠራ መጋረጃ ይንጠለጠላል እንጂ ሳንቃ አይገጠምም። እንግዳ ምክንያቱን የጠየቀ እንደሆነ ሽማግሌዎቹ ወዲያው አይመልሱለትም፤ ታሪኩ የምግብ ፍላጎት ይዘጋልና በልቶ እስኪጠግብ ይጠብቁታል ይባላል።

እንደሚነገረው የሾርንጋል ሰዎች ሁሉ ባባከር ከተባለ አንድ አባት የወረዱ ናቸው። የባባከር ልጆች ሸለቆውን ተካፍለው የላይ ቤትና የታች ቤት ተባሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው ግን በመስኖው ውሃ ይቀያየሙ ጀመር። በዚያ አገር ቋንቋ የአጎት ልጅ የሚጠራበት ቃል ባላንጣ ማለትም ነውና ነገሩ ማንንም አላስገረመም።

በዚያ ዘመን የላይ ቤት አለቃ ቶርካን ነበር። ሲወለድ እናቱ ታማ ስለነበር ያጠባችው የታች ቤቷ የአጎቱ ሚስት ገውሃራ ናት። አንድ ጡቷን ለእሱ፣ አንዱን ለገዛ ልጇ ለዳውራን እየሰጠች አሳደገቻቸው፤ ቶርካንም እስኪጎረምስ ድረስ ከእናቱ ቤት ይልቅ የእሷን ያዘወትር ነበር ይላሉ።

ታዲያ በአንድ የበጋ ወር የቶርካን ታናሽ ወንድም ስፒንገልና ዳውራን ቦዩ አጠገብ ተጣሉ። ዳውራን በንዴት የያዘውን ዶማ ቢሰነዝር ስፒንገል እዚያው ወድቆ ቀረ። ጅርጋ፣ ማለትም የሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ተሰብስቦ በሁለቱ ቤቶች ድንበር ላይ ድንጋይ አኖረ፤ ድንጋዩ እስኪነሣ ማንም በማንም ላይ እጁን እንዳያነሣ ነው። በረዶው ሲቀልጥ ግን ይነሣል፤ ያን ጊዜ ደም ደምን ይጠይቃል።

ለዳውራን አንድ መንገድ ብቻ ቀረው። ናናዋቴ ይሉታል፤ መግባት ማለት ነው። በዳይ በግ እየነዳ፣ የሣር ገመድ ባንገቱ አጥልቆ ወደ ተበዳዩ ይሄዳል፤ ደፉን ከተሻገረ ባለቤቱ ሊምረው ግድ ይሆናል፤ የገባበትን እምቢ ያለ ከሰው አይቆጠርም።

ቶርካን ይህን ያውቅ ነበር፤ የወንድሙ ሐዘን ግን ገና ትኩስ ነበርና ልቡ ለምሕረት አልተዘጋጀም። የበረዶ ነፋስ በሚያጉረመርምበት አንድ ከሰዓት በኋላ የእንግዳ ቤቱን በር በመወርወሪያ ዘግቶ፣ ከመንደሩ ሙላ፣ ከሃይማኖት መምህሩ ከናስሩላ ጋር እሳት ሲሞቅ፣ ከውጭ ድምፅ ተሰማ።

«ሰው ይጣራል» አለ ሙላው።

«ነፋስ ነው» አለ ቶርካን።

ድምፁ ግን ቀረበ። «ቶሬ! ቶሬ ልጄ፣ እኔ ነኝ!» በዚያ ስም የምትጠራው ገውሃራ ብቻ ነበረች። ቀጥሎ ዳውራን «ላላ፣ ክፈትልን፤ እናቴ በርዷታል!» አለ፤ ላላ ማለት ታላቅ ወንድሜ ማለት ነው።

ሙላው ሊነሣ ቃጣው። ቶርካን እሳቱን እያየ «ተቀመጥ፣ ነፋስ ነው አልሁህ» አለው። ሙላው በሰው ቤት እንግዳ ነበርና ተቀመጠ፤ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ግን ስለዚያች መቀመጥ ይቅርታ ሲለምን ኖረ ይባላል።

ድምፁ ሲጠፋ ቶርካን እፎይ ያለ መስሎት ነበር። ዳሩ ግን ዝምታው ከጥሪው ይልቅ ከበደው፤ ዘሎ ተነሥቶ በሩን ቢከፍት፣ በጓ ጀርባዋ በረዶ ለብሶ ደጁ ላይ ታስራ ቆማለች፤ ሰዎቹ የሉም። ዱካቸውን ተከትሎ ሲሮጥ ዳውራን ከአንድ የእንጆሪ ዛፍ ሥር እናቱን ታቅፎ አገኘው። አሮጊቷ ዓይኗ ተከፍቶ ነበር፤ የምታየው ግን አልነበረም።

ዳውራን ቀና ብሎ «ጠመንጃህን ይዘሃል?» አለው።

«ባዶ እጄን ነኝ።»

«እንግዲያው በእግሯ በኩል ያዝልኝ።»

ሁለቱ ተሸክመው ወደ እንግዳ ቤቱ አገቧት። ዳውራን ደፉን በተሻገረ ጊዜ ምሕረቱ ጸናለት፤ ማንም ግን ስለ ምሕረት ቃል አልተነፈሰም። በማግስቱ ቶርካን በሩን ከማጠፊያው ነቅሎ ቃሬዛ አደረገውና ገውሃራን በዚያ ላይ ተሸከሟት። ሳንቃውም ወደ ቤቱ አልተመለሰም።

ከቀብሩ በኋላ ቶርካን ጅርጋው ፊት ቆሞ «ፍረዱብኝ» አለ። ሽማግሌዎቹ ብዙ ከተማከሩ በኋላ ትልቁ እንዲህ ሲል መለሰለት፦ «ደፍህን ላልተሻገረ ሰው ምሕረት የማድረግ ግዴታ የለብህም። የተሻገረውን ደግሞ ምረሃል። የጣስኸው ሕግ የለምና ምን ብለን እንፍረድብህ?» ከብቱን ሁሉ ቢወስዱበት፣ ቤቱን ቢያቃጥሉበት ይሻለው ነበር ይባላል።

በረዶው እንደ ቀለጠም ቶርካን ራሱ የሣር ገመድ ባንገቱ አድርጎ፣ ያችኑ በግ እየነዳ ወደ ታች ቤት ወረደ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። «ወንድሜ፣ ገብቼብሃለሁ!» ብሎ ጮኸ። ደፉን ተሻግሮ ሲገባ ግን አመዱ ቀዝቅዟል፤ ምንጣፉም ማድጋውም የለም። ዳውራን ሰዎቹን ይዞ፣ ውሃውንም መሬቱንም ትቶ ተራራውን አቋርጦ ሄዷል። ቶርካን በዚያ ባዶ ቤት ውስጥ ገመዱን ሳያወልቅ እስኪመሽ ተቀመጠ፤ የሚምረው ሰው አልነበረም።

ዛሬም የታች ቤት ማሳ አይታረስም። በየፀደዩ ከላይ ቤት ሰዎች አንዱ ቦዩን ጠርጎ ውሃውን ወደዚያ ጦም ወዳደረ መሬት ይለቅቀዋል። ዘላኖች ግመሎቻቸውን ጭነው በሸለቆው ሲያልፉም ሽማግሌዎቹ ወደ መንገዱ ወጥተው፣ ከሰላምታው ቀጥለው «የዳውራንን ዘሮች በሄዳችሁበት አይታችኋል?» ብለው ይጠይቃሉ። እስካሁን አይተናል ያለ የለም።