ሽቦው እጅ አላደርስም አለ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ። ላሟ ከተሸጠች ቆየች፤ በረቱም ፈርሶ የስልክ መሸጫ ሱቅ ሆኗል። «የሽቦ መሠረት» በሉኝና ልቀጥል።

እማዋይሽ የምትባል ሴት ነበረች። አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ የእህቷን እጅ ማየት። ፊት አላልኩም፣ እጅ ነው ያልኩት። ታናሽ እህቷ ትርንጎ ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። ልጆች ሳሉ ሁለቱ ከጓሮ ተቀምጠው የራሳቸውን የእጅ ቋንቋ ፈጠሩ። ትምህርት ቤት አያስተምረው፣ ሦስተኛ ሰው አያውቀው። በዚያ ቋንቋ ለሰው ሁሉ ስም የምታወጣው ታላቂቱ ናት። አባታቸው ጢም የሚጎትት ጣት ነበሩ፤ ምላሰኛዋ አክስታቸው ደግሞ እንደ መቀስ የሚከፈት የሚዘጋ ሁለት ጣት።

ትርንጎ ሩቅ ከተማ አግብታ ሴት ልጅ ወለደች። ክርስትናው እየደረሰ ነው። የክርስትናውን ስም ቄሱ ያወጣሉ። የእጁን ስም ግን እማዋይሽ የልጅቱን ፊት አይታ ካላወጣች፣ እናት ልጇን በምን ትጥራት?

እንዳትሄድ ወገቧ ረጅም መንገድ አይችልም። በሞባይል እንዳትደውል ሰፈሯ ከገደል ሥር ነው፤ እዚያ የሚደርሰው ድምፅና አጭር መልእክት ብቻ ነው፣ ምስል አይደርስም። ድምፅ ደግሞ ለትርንጎ ምኗ ነው? «ካፌ ሄደሽ ደውዪላታ!» ይሏታል። «እህቴ ሰው ባለበት እጇን አታነሳም፤ አንዴ ስቀውባታል» ትላለች። የቀራት በሽቦ ቤቷ ድረስ የሚገባው ኢንተርኔት ነው። እሱም አንድ ጠዋት እጅ አላደርስም አለ። ከሳጥኑ ላይ አረንጓዴው ጠፋና ቀዩ በራ።

እማዋይሽ ወደ ኩባንያው ደወለች። የተቀዳች ሴት መለሰችላት። «ለአማርኛ አንድን ይጫኑ።» ተጫነች። «ለብልሽት አራትን ይጫኑ።» ተጫነች። «ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው፤ እባክዎ ይጠብቁ።» ክራር ተመታ። ክራሩ ሲያልቅ ያቺው ሴት ተመለሰች፤ ጥሪው አሁንም ክቡር ነው።

«ክቡር ከሆነ አንሺዋ!» አለች እማዋይሽ።

የተቀዳ ሰው ስድብ አይሰማም፤ የቀዷትም ለዚሁ ይመስለኛል። መስመሩ ተቋረጠ፤ ወዲያው መልእክት ገባ፦ «ችግርዎ ተፈትቷል። እናመሰግናለን።» ሳጥኑ ግን እንደቀላ ነው።

ሽቦው እጅ አላደርስም አለ፤ ድምጺቱ ሰው አላገናኝም አለች፤ እማዋይሽም የእህቷን እጅ አላየችም።

ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ኩባንያው ቢሮ ወጣች። መስኮቱ ላይ ሶስና የምትባል ልጅ ተቀምጣለች።

«ተሠርቷል እኮ እማማ» አለቻት ስክሪኑን እያየች።

«እማማሽ እቤትሽ ናቸው። የት ነው የተሠራው?»

«እዚህ ላይ ተሠርቷል ይላል።»

«እኔ እዚያ ላይ አልኖርማ!»

«እኔ እኮ ያልተሠራ መሆኑን ማወቅ የምችለው ቴክኒሻኑ ሲነግረኝ ነው። አልነገረኝም። ሳይነግረኝ ደግሞ ሰው አልልክም።»

«እሱስ ማን ሳይነግረው ነው የማይመጣው?»

«እኔ ሳልነግረው» አለች ሶስና፤ ዕድሜ ይስጣት፣ አልዋሸችም።

ሽቦው እጅ አላደርስም አለ፤ ድምጺቱ ሰው አላገናኝም አለች፤ መስኮቲቱ ሰው አልልክም አለች፤ እማዋይሽም የእህቷን እጅ አላየችም።

ቴክኒሻኑን ሙሉዓዳምን ሻይ ቤት አገኘችው። መሰላሉ አጠገቡ ግድግዳ ተደግፏል፤ እሱም እንደ መሰላሉ።

«እትዬ፣ የሽቦውን ነገር አውቀዋለሁ» አላት። «የታችኛው ሰፈር ሽቦ የአቶ ደስታውን ዋንዛ ተጠግቶ ነው የሚያልፈው። ቅርንጫፉ ጎንብሶ በጥሶታል።»

«ካወቅክ ለመስኮቲቱ ለምን አልነገርካትም?»

«አልጠየቀችኝም። ደግሞ ቅርንጫፉ ሳይቆረጥ ምሰሶ አልወጣም፤ ያ ዛፍ የተሸከመውን አይተሻል?»

ሽቦው እጅ አላደርስም አለ፤ ድምጺቱ ሰው አላገናኝም አለች፤ መስኮቲቱ ሰው አልልክም አለች፤ ቴክኒሻኑ ምሰሶ አልወጣም አለ፤ እማዋይሽም የእህቷን እጅ አላየችም።

አቶ ደስታው ጎረቤቷ ነው። ከዋንዛው ሥር ቆመው ሁለቱም አንጋጠጡ። ቅርንጫፉ ላይ በማር የከበደ ቀፎ ተጋድሟል፤ ንቦቹ ይተማሉ።

«መጥረቢያው ያውልሽ፣ እጄም ያውልሽ» አላት። «ቀፎው ግን የጋሽ ጓንጉል ነው። የሰው ንብ እያለበት ቅርንጫፍ አልቆርጥም።»

«ንቦቹን ወዲያ ብናደርጋቸውስ?»

ንቦቹ ራሳቸው መለሱላት። አንዷ መጥታ የዐይኗ ቆብ ላይ ነደፈቻት። ያለ ጌታቸው ዛፍ አንለቅም ማለታቸው ነው።

«ጌታቸውን ጥራዋ!» አለች ዐይኗን ይዛ።

«አኩርፎኛል እኮ፣ እማዋይሽ። ምን እንዳደረግኩት አላውቅም። ሰላም ስለው ፊቱን ያዞራል። ማሩን እኩል እየተካፈልን የኖርን ሰዎች...»

ሽቦው እጅ አላደርስም አለ፤ ድምጺቱ ሰው አላገናኝም አለች፤ መስኮቲቱ ሰው አልልክም አለች፤ ቴክኒሻኑ ምሰሶ አልወጣም አለ፤ ባለ ዋንዛው ቅርንጫፍ አልቆርጥም አለ፤ ንቦቹ ዛፍ አንለቅም አሉ፤ እማዋይሽም የእህቷን እጅ አላየችም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበልና እቀጥላለሁ። ከነዚህ ሁሉ መካከል ክፉ ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም። ሁሉም ወደሚቀጥለው ጣቱን ቀሰረ እንጂ ማንንም አልበደለም። ጣት መቀሰር ከእጅ ቋንቋ ሁሉ ቀላሉ ነው፤ የአንድ ዓመት ሕፃንም ይችለዋል። ትርንጎ ብታያቸው፣ «እነዚህ ሰዎች ከዚህ ሌላ ቃል አያውቁም?» ትል ነበር።

እማዋይሽ አንድ ዐይኗ አብጦ ወደ ላይኛው ሰፈር ወጣች። ጋሽ ጓንጉል ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ጢሙ አድጓል፤ ጥቁር ለብሷል። ሰላምታዋን በግማሽ አፉ ተቀበለ።

«ጋሽ ጓንጉል፣ ንቦችህን ከደስታው ዛፍ አውርድልኝ።»

«የደስታውን ደጅ አልረግጥም።»

«ምን አደረገህ?»

«እናቴ ሞታ አልቀበራትም!» ተነሥቶ ቆመ። «ደስታው ብቻ መሰለሽ? የታችኛው ሰፈር ሰው በሙሉ! አንድም አልመጣ! እድሩ ነግሯል፣ ላይኛው ሰፈር ሰምቶ መጥቷል፤ እናንተ ምን ሆናችሁ? አንቺስ ብትሆኚ? ሴት ሆነሽ ደጄ ስለመጣሽ ነው ዝም ያልኩሽ።»

የጋሽ ጓንጉል እናት፣ እመት ጥሩነሽ፣ ሞተዋል? ሰው ሁሉ ለትርንጎ ጆሮ መድኃኒት ሲፈልግ፣ «ይቺ ልጅ ሁሉን ትሰማለች፣ እናንተ ናችሁ የማትሰሙት» ያሉ ብቸኛ ሴት? እማዋይሽ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ አለቀሰች። እንደ ወጉ አይደለም ያለቀሰችው፤ አሁን ገና እንደሰማ ሰው ነው።

ጋሽ ጓንጉል ግራ ገባው። «አላወቅሽም?»

«እድሩ በምን ነገረን?» አለች ከነጠላዋ ውስጥ። «ጥሩንባው ቀርቶ በቴሌግራም አይደል የሚለጠፈው? ለታችኛው ሰፈር ቴሌግራሙ የሚመጣው በምንድን ነው? በሽቦው። ሽቦው የት ነው የተበጠሰው? ከቀፎህ ሥር!»

ጋሽ ጓንጉል ወደ ታችኛው ሰፈር አየ።

«ደስታውም አልሰማም?»

«ለምን እንዳኮረፍከው አያውቅም። ጣቱን ይበላል።»

ጋሽ ጓንጉል ተመልሶ ተቀመጠ። «እኔ ናቁኝ ብዬ...» አለ፣ አልጨረሰውም። እናንተም አትጨርሱለት። ያልደረሰ ወሬ ንቀት ይመስላል፤ እንዲህ ሆኖ ስንቱ ተኮራርፎ ቀርቷል።

እማዋይሽ ወደ ታች ወረደች። አልደወለች፣ አልለጠፈች፤ በየበሩ በእግሯ ሄዳ ተናገረች። ደስታው ጋቢውን አዘቅዝቆ ሚስቱን አስከትሎ ወጣ፤ ሰፈሩ ተከተለው። ጋሽ ጓንጉል ደጅ ሲደርሱ ደስታው፣ «እማማን! እማማን ሳልቀብራቸው!» ብሎ ጮኸ፤ ጋሽ ጓንጉልም ሮጦ አንገቱ ላይ ወደቀ። የዘገየ ለቅሶ ከጊዜው ለቅሶ ይብሳል።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው!

ባለ ንቡ የደስታውን ደጅ ረገጠ፤ ጭስ ይዞ «ቤታችሁ ልውሰዳችሁ» አላቸውና ንቦቹ ዛፉን ለቀቁ፤ ንቦቹ ቢለቁ ባለ ዋንዛው ቅርንጫፉን ቆረጠ፤ ቅርንጫፉ ቢቆረጥ ቴክኒሻኑ፣ ሰፈሩ በሙሉ መሰላሉን ይዞለት፣ ምሰሶ ወጣ፤ ቴክኒሻኑ ቢወጣ ሽቦው ተቀጠለ፤ መስኮቲቱም፣ «ተሠርቷል ብዬ አልነበር?» አለች።

ሳጥኑ ላይ አረንጓዴው በራ።

እማዋይሽ ደወለች፤ ትርንጎ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። እህቷን ስታይ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ወደ ዐይኗ ጠቆመች፦ ማን መታሽ? እማዋይሽ፣ ኋላ እነግርሻለሁ አለቻት። ቀጥሎ የእመት ጥሩነሽን ስም በእጇ ጠራች፤ ጆሮ ላይ አርፎ ልብ ላይ የሚወርድ መዳፍ ነው። ከዚያ መዳፏን ገልብጣ ወደ መሬት አወረደችው። ትርንጎ ገባት። ሁለቱ እህቶች፣ አንድም ድምፅ ሳያወጡ፣ አለቀሱ።

ኋላ ትርንጎ ልጅቷን አንሥታ ወደ ስክሪኑ አስጠጋቻት። እማዋይሽ ሕፃኗን በአንድ ዐይኗ ብዙ አየቻት። ቀስ ብላ እጇን ወደ ጆሮዋ አነሣችና ወደ ልቧ አወረደች። የዚያ ስም ባለቤት ሄደዋል፤ አሁን ሌላ ባለቤት አገኘ። ትርንጎ ስሙን ደገመችው። የሕፃኗን ትንሽ እጅ ይዛ በልጅቷ ገላ ላይም ጻፈችው፦ ከጆሮዋ፣ ወደ ልቧ።

ይኼኔ የእማዋይሽ ስልክ ጮኸ። መልእክት ነው፦ «ችግርዎን ፈትተናል። አገልግሎታችን እንዴት ነበር? ለመልካም አንድን፣ ለመጥፎ ሁለትን ይጫኑ።»

አልተጫነችም። እጇ ሥራ ይዟል።

እኔም ተረቴን ልኬያለሁ፤ ያልደረሰው ካለ ሳያኮርፍ በእግሩ መጥቶ ይስማኝ።